ብርቅዬን ሊጠይቅ የመጣው ጣሊያን

የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ እንደነበር ብርቅዬ ያወቀችው የአባቷ ምላጭ ድምፁ ሲቆም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ስልክ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ከሩቲ ጋር ታወራለች፤ እግሯን ስትዘረጋ የወዲያኛውን ግድግዳ ይነካል። የምታወራው ስለዚያ ስለ ጣሊያኑ የቅርጫት ኳስ ክለብ ነበር። የክለቡ የወንዶች ቡድን አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአምስት መቶ ሚሊዮን ሊሬ እንዳስፈረመ፣ ለእሷ ደግሞ ሃምሳ እንደቀረበላት ነግራት ሁለቱም እየሳቁ ነው። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ በሁለት መኝታ ቤት አፓርትመንት የሚኖር ሰው ጆሮው የራሱ አይደለም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የላይኛው ፎቅ ጠብ፣ የሕፃን ለቅሶ ሁሉ ሳይጋበዝ ይገባል። የልጅ የስልክ ወሬማ ቤተኛ ነው። አባቷ ጥሩነህ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ብቅ አለ።

"ለማን ነው አምስት መቶ?"

ብርቅዬ ስልኩን ዘጋች። ነገሩን ለማለሳለስ ብዙ ሞከረች። የወንዶቹ ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ፣ አዳራሹ እንደሚሞላ፣ የሴቶቹን ግን የተጫዋቾቹ ዘመዶችና የሰፈሩ ጡረተኞች ብቻ እንደሚያዩት፣ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ በጀታቸው ለየብቻ እንደሆነ አስረዳችው። ጥሩነህ አረፋው እስኪደርቅ ድረስ ሰማት። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሃምሳ ሚሊዮኑ ምንም አልጎረበጠውም ነበር። መጀመሪያ የሰሙ ዕለት እናቷ ጸሐይወርቅ ሚሊዮን የሚለውን ቃል ስትሰማ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ እልል ልትል ትንሽ ነበር የቀራት፤ እሱ ነው እንደ ታክሲ ነጂነቱ ወዲያው አካፍሎ አርባ ምናምን ሺህ የካናዳ ዶላር ነው ብሎ ያረጋጋት። ያም ቢሆን ታክስ ተከፍሎበት ያለቀለት ገንዘብ ነው፣ ቤትና አንዲት ትንሽ ፊያት መኪና ይጨመርበታል፣ እሱ መሪ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘውም ይበልጣል። አሁን ግን ሃምሳው አጠገብ አምስት መቶ ቆመ፣ ሃምሳው ኮሰሰ።

"ያለ ሰው ያነጋገርሽው ነው ጥፋቱ። ሰው የሌላት መስለሽዋል" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ መብረቅ ፈጠነ። ጥሩነህ ፊቱን ታጥቦ ሦስት ስልክ ደወለ። ጣሊያኑ የክለቡ ሰው፣ አቶ ቤርቶኒ፣ ከሰዓት በኋላ ኮንትራቱን ይዞ ሊመጣ ቀጠሮ ስለነበረ፣ እሱ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎች ቤት ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ብርቅዬ ይሄ ጋብቻ ሳይሆን ሥራ ነው አለችው። እሱም ከቤቴ ወጥተሽ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ልትገቢ ነው፣ ሌላው ስም ብቻ ነው ብሎ መለሰላት። ጸሐይወርቅ ከወጥ ቤት ሆና አባትሽ እውነቱን ነው ስትል ነገሩ አለቀለት።

ብርቅዬን ያስፈራት ሽማግሌ መቀመጡ አልነበረም። የዘመዷን የሜሮንን ነገር አይታለች። የባልዋ ሽማግሌዎች ዌስተን ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ መጀመሪያ ገና ናት ተባሉ፣ ቀጥሎ እንመካከር ተባሉ፣ የተፈቀደላቸው በሦስተኛው ነው፣ ያውም ሜሮን የሠርጉን ቀሚስ ቀደም ብላ ገዝታ አልጋ ሥር ደብቃ ሳለ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት ልጅ ወላጅ የለም። ቤርቶኒ ደግሞ ማታ ወደ ሞንትሪያል ይበርራል። አንድ ቡድን የሚፈቀድለት ሁለት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው፤ አንደኛዋ ቦታ ተይዛለች፣ ለሁለተኛዋ ሞንትሪያል የምትጠብቅ ቁመተ ረጅም ልጅ አለች። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሰኞ ዕለት የቡድኑን በጀት ይዘጋል። ሰውየው ይህን ሁሉ በትሕትና ነው የነገራት፤ ዛሬ እሺ ካላልሽ ግን እንዳትቀየሚኝ ብሏታል። ብርቅዬ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሳለች፣ እዚህ ሀገር ለሴት ከዚያ ወዲያ የሚከፈልበት ኳስ የለም። ወይ ጣሊያን ነው፣ ወይ እናቷ የምትሠራበት ሆቴል ፍሮንት ዴስክ።

ሽማግሌዎቹን ለማምጣት ከአባቷ ጋር አብራ ሄደች፤ መኪና ውስጥ ልትለምናቸው አስባ ነው። የታክሲው የጣሪያ መብራት ጠፍቷል፣ ቆጣሪው ጨርቅ ለብሷል። ጥሩነህ ቅዳሜን ሳይሠራ ሲውል አይታ አታውቅም። ቅዳሜ የኤርፖርት ቀን ነው፣ የሳምንቱን ኪራይ የምትከፍል ቀን። የእሷም ጨዋታ ሁልጊዜ ቅዳሜ ስለነበር አባቷ አንድም ቀን ስትጫወት አላያትም። ማን አሸነፈ ብሎ ይጠይቃል፣ አሸነፍን ስትለው ጎሽ ይላል፣ ተሸነፍን ስትለው ለበጎ ነው ይላል፣ ከዚያ ወሬው ያልቃል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና ሃይስኩል ሳለች፣ ቅርጫቱ ከመሬት ስንት ይርቃል ብሎ ጠይቋት ነበር። ነግራዋለች። አሁን አለን ሮድን ይዘው ወደ ሰሜን ሲወጡ ልታመሰግነውም፣ ልትቆጣውም ፈለገች፣ ሁለቱንም ሳታደርግ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። እሱም ሬዲዮኑን ከፈተ።

በዚያን ጊዜ ቶሮንቶ ውስጥ እንደ ሽማግሌ የተወደደ ነገር አልነበረም። ከሀገር የወጣው ሁሉ ጎረምሳ ሆኖ ነው የወጣው፤ ጥርስና ጉልበት እንጂ ሽበት ይዞ የመጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጄን ኤንድ ፊንች አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ጋሽ ይመር ከፋሲካ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ቅዳሜና እሑዳቸው ተይዞ ያልቃል። ለዛሬው የስካርቦሮውን ሽምግልና ለሌላ ቀን አዛውረው ነው የመጡት። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ የማያስፈልጋቸውን ከዘራ ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበሩ፤ እንግዳው ጣሊያን መሆኑን ሲሰሙ ደረታቸው ሰፋ። እግረ መንገዳቸውን ዌስተን ወርደው ጋሽ ሙኽታርን ጫኑ። ጋሽ ሙኽታር ከጥሩነህ ጋር ከሱዳን ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰው ናቸው፤ የኤርፖርት ሊሙዚን ይነዳሉ፣ እንግሊዝኛቸው የተመሰከረለት ነው፣ ትርጉሙ በእሳቸው ላይ ወደቀ።

"ጋሽ ይመር፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢባል ሰው ምን ይላል?" አለች ብርቅዬ፣ ከኋላ ወንበር ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ።

"ምን ይላል? ተርፋቸው ነበር ይላላ።"

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ልቧ ግን ጠቆረ። ቤርቶኒ እንደሚበርር፣ ሞንትሪያል ሌላ ልጅ እንዳለች፣ የፕሬዚዳንቱን ሰኞ ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ ይመር በጥሞና ሰምተው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ከዘራቸውን አቀፉ። ጋሽ ሙኽታር ብቻ በመስታወቱ ውስጥ አይተዋት አይዞሽ ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤት ሲደርሱ ጸሐይወርቅ ላዛኛ ሠርታ ነበር። አዲስ አበባ የክት ምግብ እንደሆነ፣ ለልደትና ለምርቃት እንደሚወጣ ታውቃለች፤ እንግዳው ጣሊያን ከሆነ ሌላ ምን ይቀርብለታል? አንዱን ትሪ በሥጋ፣ ሌላውን ለጋሽ ሙኽታር ለብቻው በቆስጣና በአይብ አድርጋዋለች። ሁለቱም ላይ ቃሪያ አልቀረም። የሶፋው የፕላስቲክ ልብስ ተነሥቷል፣ የመስታወት ቁምሳጥኑ ተወልውሏል፣ የብርቅዬ ትልቁ ዋንጫ እንደ ልማዱ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ስለተበላሸ እንግዳው አርፍዶ፣ የኬክ ካርቶን ይዞ፣ በላብ ተጠምቆ ገባ። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው ነው። ሁለት ባለ ከረባት ሽማግሌ ተነሥተው ጎንበስ ሲሉለት ኬኩን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገባው።

ጋሽ ይመር መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ብርቅዬን ማስወጣት ነው። የምትጠየቅ ልጅ ሸንጎ ላይ አትቀመጥም። ብርቅዬ መኝታ ቤቷ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ አንድ ሜትር ከዘጠና ቁመቷን አጥፋ ጆሮዋን ቁልፉ ቀዳዳ ላይ አደረገች። ኑሮዋ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሊያልፍ ነው፣ እሷ ግን አንድ ቃል መናገር አትችልም። እንደዚያ ቀን ተናድዳ አታውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ስቃ አታውቅም።

ቤርቶኒ ነገሩን በወግ ጀመረ። ክለቡን የያዘው የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ መሆኑን፣ ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ሰዋ ደግ መሆኑን፣ ብርቅዬን በፀደዩ ውድድር አይቷት እንቅልፍ እንዳጣ ተናገረ። ጋሽ ሙኽታር እንቅልፍ ያጣበትን ዘለው ተረጎሙ። ከዚያ ሃምሳው መጣ፣ ቤቱ መጣ፣ ፊያቱ መጣች። ጋሽ ይመር መጀመሪያ ይብሉ አሉት። ለጥቂት ጊዜ ሹካና ሳህን ብቻ ተሰማ። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ቃሪያው ሳይደርሰው አልቀረም፣ ሰውየው ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ጭማሪ ጠየቀ። ጸሐይወርቅ በደስታ ልትሞት ደረሰች።

"ሰምተናል" አሉ ጋሽ ይመር፣ አፋቸውን ጠርገው። "ልጅቱ ገና ትምህርቷን መጨረሷ ነው፤ ለእናቷም አንድ ናት። ተመካክረን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንነግርዎታለን።"

ብርቅዬ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ያለቀ መሰላት። ሞንትሪያል ያለችውን ልጅ፣ የማታውቃትን፣ ጠላቻት። ከሳሎን ግን የቤርቶኒ ድምፅ መጣ፤ ስድሳ አለ። ማንም አልመለሰለትም። ትንሽ ቆይቶ ስድሳ አምስት አለ፣ ድምፁ ላላ ብሎ። አሁንም ዝም። ሰውየው በኋላ እንደነገራት ከኒውዮርክም ከቺካጎም ኤጀንቶች ጋር ተፋጧል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ የሚችል ተደራዳሪ ግን በዕድሜው አላየም። ሽማግሌዎቹ እየተደራደሩ አልነበረም። ተቀይመው ነበር። ልጃችንን ገበያ የወጣች ላም አደረጋት ብለው፣ አንዱ ሌላውን እንዲናገር እየጠበቀ፣ ምንጣፉን ያያሉ። በመጨረሻ ጋሽ ሙኽታር ከጋሽ ይመር ጋር ተንሾካሽከው ዞሩለት።

"አቶ ቤርቶኒ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ይተዉት። እኛ ጋ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋስዎ ማነው?"

ቤርቶኒ ቀላ። ሹካውን አስቀመጠ። ማን እንደነገራቸው እንደማያውቅ፣ ነገር ግን እውነት እንደሆነ፣ ባለፈው ክረምት ፋብሪካው ገበያ ቀዝቅዞበት የተጫዋቾቹ ደመወዝ ሁለት ወር እንደዘገየ፣ በኋላ ሁሉም እንደተከፈላቸው፣ በአውሮፓ ይህ በትልልቆቹ ክለቦችም የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ ሳይጠየቅ ዘረገፈው። የባንክ ዋስትና አስጽፎ በፋክስ ሊልክ ቃል ገባ። ማንም ምንም አልነገራቸውም ነበር። ጋሽ ሙኽታር ይህን ሲተረጉሙ ጥሩነህ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ጠዋት ፊቱ አረፋ እንደሆነ የፈራው ይህንኑ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ባንኩን በእጃቸው ገፉት።

"ስትታመም ባንክ ሊጠይቃት ይሄዳል? ስም ያለው ሰው ይጥራ፣ ቤት ያለው። ደሞዝ የዘገየ ለታ ሄዳ እራት የምትበላበት ቤት።"

  ብርቅዬ በቀዳዳው የቤርቶኒን እጅ ብቻ ታያለች፤ ናፕኪኑን አጥፎ ሳህኑ አጠገብ አኖረው።

"እናቴ አለች" አለ በመጨረሻ።

እናቱን ደወለላቸው፤ ያውም በራሱ የስልክ ካርድ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ። እዚያ ማታ ሆኗል፤ አሮጊቷ ከእንቅልፍ ነው የተነሡት። ነገሩን በአጭሩ አስረድቷቸው ስልኩን ለጋሽ ይመር አቀበለ። የጋሽ ይመር ጣሊያንኛ ከመኪና ሞተር ብዙም አይርቅም። ሰላምታውን በወግ ሰጡ፣ ከዚያ ቃል ሲያጡ ወደሚያውቁት ገቡ፤ ሞተሯ አዲስ እንደሆነ፣ ፍሬኗ ደህና እንደሆነ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ እንዲረግጡላት የሚመስል ነገር ነገሯቸው። የአሮጊቷ ሳቅ በመቀበያው አልፎ፣ በኮሪደሩ አልፎ፣ የብርቅዬ በር ድረስ መጣ። ቀጥሎ ጸሐይወርቅ ተቀበለች። እሷ ከአማርኛና ከሆቴል እንግሊዝኛ በቀር አታውቅም፣ ወዲያ ያሉት ደግሞ ከጣሊያንኛ በቀር። ሁለቱ እናቶች ግን ብዙ አወሩ። እሺ እናቴ፣ እሺ፣ ብርድ ትፈራለች፣ ትላለች ጸሐይወርቅ፤ ወዲያ በኩል ያሉት ይመልሳሉ፣ እሷም እህ ትላለች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስልኩን ስትሰቅል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ደህና ሴት ናቸው አለች።

ጋሽ ይመር ዋስ ከተገኘ፣ ሀገሩም ቶሮንቶ ስለሆነ፣ በአንድ ቀንም ቢፈቀድ ነውር የለውም አሉ። ቤርቶኒ ብዕር አወጣ። ከኋላው ግን ጥሩነህ አንድ ጥያቄ አለኝ አለ።

"ያ አምስት መቶ የሚከፈለው ልጅ፣ የሱ ቅርጫት ከሷ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው?"

ጋሽ ሙኽታር ተረጎሙ። ቤርቶኒ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዋንጫ፣ የፕላስቲኩን አበባ አየ።

"አይደለም። እኩል ነው። ግን ሲኞር፣ የሴቶቹ ቡድን ሙሉ በጀት፣ አሰልጣኙም፣ አውቶቡሱም፣ እኔም ተደምረን፣ የዚያን ልጅ ደመወዝ አንሞላም። ከስድሳ አምስት በላይ ካልኩ ሁለት ልጆች አባርሬ ነው።"

"እንዲያባርሩ አይደለም" አለ ጥሩነህ። "ይታወቅልኝ ብዬ ነው።"

ብርቅዬ ከበሩ ኋላ ሆና አለቀሰች። ያ የሃይስኩል ጥያቄ ትዝ አላት። የነገረችውን ስንት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል።

ቤርቶኒ እንደገና ብዕሩን አነሣ። ጥሩነህ ቆይ አለው፤ እሷ አልተጠየቀችም። ጋሽ ይመር ይሄ ደንብ አይደለም ብለው ከዘራቸውን መሬት መቱ። ጥሩነህ ተነሥቶ የመኝታ ቤቱን በር ሲከፍተው ልጁ ከነጆሮዋ ልትወድቅበት ትንሽ ቀራት። ተያዩ። እሷ ቁልቁል፣ እሱ ሽቅብ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ቀኑን ሙሉ እሺ የሚለውን ቃል በአፏ ይዛ ዞራለች፤ በአለን ሮድ፣ በጄን ኤንድ ፊንች፣ በዌስተን። አሁን ሁሉም ሰው ዓይኑን ጥሎባታል፣ ብዕሩ ተከፍቷል፣ የሞንትሪያሉ አውሮፕላን እየተዘጋጀ ነው። ብርቅዬ አባቷን አየችው። የቅዳሜ ልብሱን አይደለም የለበሰው፣ የእሑዱን ነው።

"ላስብበት" አለች።

ጸሐይወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ይመር ግን ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ጋሽ ሙኽታር ለመተርጎም አፋቸውን ሲከፍቱ ቤርቶኒ በእጁ አቆማቸው፤ ገብቶታል። ብዕሩን ኪሱ ከተተ፣ ሹካውን አነሣ፣ ከላዛኛው አንድ ቁራጭ ቆረሰ፣ ተደላድሎ ተቀመጠ። ምን ይጨመር ብሎ ጠየቃት።

"ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት። ለመጀመሪያው ጨዋታ፣ ለእናቴና ለአባቴ። እነሱ ካላዩኝ ሃምሳም ይሁን አምስት መቶ አልፈልግም።"

ሰውየው ፊያቷን ትታ በአውቶቡስ ብትሄድ ቲኬቱ ይወጣል ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ፊያቷም አትቀርም አለ። ጥሩነህ ግን አልሳቀም። በሩን እንደያዘ ቆሞ ነበር፣ ጉንጩ ላይ ጠዋት ምላጩ ያልደረሰበት ትንሽ ጺም ቀርቷል።

"ጨዋታው ቅዳሜ ነው?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጋሽ ሙኽታር ጠየቁለት። እሑድ ነው ተባለ፣ ማታ።

"እሱማ ደህና" አለ። ወለሉን አየ፣ ከዚያ ልጁን ሽቅብ አየ። "ቅዳሜም ቢሆን እመጣ ነበር።"

ብርቅዬ እሺ አለች።